ስለ ቤት ማቀዝቀዣ፤ «ጋዙ አልቋል» ከመባላችን በፊት

በተማሪነት ዘመን ከሚገዛ የቤት ዕቃ ሁሉ ዋጋው የሚከብደው ማቀዝቀዣ ነው። አልጋና ጠረጴዛ ከአከራይ ይገኛል፤ ድስትና ምድጃ ከቤት ይመጣል። ማቀዝቀዣ ግን ሦስትና አራት ሆነው ቤት የተከራዩ ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው፥ ወይም አንዱ ተመርቆ ሥራ በያዘ በመጀመሪያው ዓመት ከደመወዙ ቆጥቦ የሚገዛው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ውድ ዕቃ ስንገዛ የምንጠይቀው ስለ ቀለሙና ስለ እጀታው ነው። ሲበላሽብን ደግሞ ጨርሶ የምንጠይቀው ነገር የለም፤ ጠጋኙ መጥቶ በስተኋላው ያለውን ሞተር በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ጋዙ አልቋል» ይለናል፥ እኛም እንከፍላለን።

ከመካከላችን በአንድ ቤት የሚኖሩ አራት ተማሪዎች በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞልተዋል። የከፈሉት ገንዘብ ቢደመር ያገለገለ ማቀዝቀዣ ሊገዛ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህም ብቻ ቢሆን በቀላሉ በታለፈ፤ ከአራቱ አንዱ የስኳር ሕመም ያለበት በመሆኑ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከወተቱና ከሥጋው ጋራ ኢንሱሊን ነበረበት። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው ብለን ተነሣን። በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን ትምህርት ወደ ማድ ቤት ብናወርደው ምን ይለናል?

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንጨብጥ። ማቀዝቀዣ ብርድ የሚያመርት መኪና አይደለም፤ የሚሠራው ሥራ ሙቀትን ከአንድ ስፍራ አንሥቶ ሌላ ስፍራ ማራገፍ ነው። ባጭሩ የሙቀት ተሸካሚ ነው ብንለው ያስኬዳል። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ነርሷ ክንዳችንን በአልኮል ስታብሰው የሚሰማንን ቅዝቃዜ እናስታውስ። አልኮሉ በጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ከክፍሉ አየር የበለጠ አልቀዘቀዘም ነበር። ነገር ግን ማናቸውም ፈሳሽ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያን ሙቀት የሚወስደው ከክንዳችን ነው። መንገደኛ ኮዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሲያንጠለጥለው ውሃው የሚቀዘቅዝለት በዚሁ ምክንያት ነው።

የማቀዝቀዣው ብልሃት እንግዲህ ተን የሆነው ነገር በኖ እንዳይጠፋ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞ፥ ያንኑ ደግሞ ደጋግሞ ማትነን ነው። በውስጠኛው ቧንቧ ጋዙ ከፈሳሽነት ወደ ተንነት ሲለወጥ ከወተቱ፥ ከሥጋውና ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል። ከታች በስተኋላ የተቀመጠው፥ ጥቁር የብረት ድስት የሚመስለውና ጠጋኞች ኮምፕሬሰር የሚሉት መጭመቂያ ተኑን ስቦ ይጨምቀዋል። የተጨመቀ ጋዝ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሁሉ የመንፊያው ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። ይህ የጋለ ጋዝ በኋላው ፍርግርግ ውስጥ ሲዘዋወር ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም እጅግ በቀጠነ ቱቦ አልፎ፥ ግፊቱ ወርዶ፥ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ዙሩም ይቀጥላል።

ከኋላው የሚወጣው ሙቀት እንግዲህ ከውስጥ የተወሰደውና ኮምፕሬሰሩ የበላው ኤሌክትሪክ ተደምሮ ነው። የበጋ ሙቀት ያስመረረው ጓደኛችን የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ ፊት ለፊቱ ቢቀመጥ ለጊዜው ፊቱ ይቀዘቅዝለት ይሆናል፤ ክፍሉ ግን እየሞቀ ይሄዳል እንጂ አይቀዘቅዝም። ይህን ያልተቀበለ ጓደኛ ካለ በቴርሞሜትር መወራረድ ይችላል።

ይህን ዙር በኤተር አሠርቶ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ጄኮብ ፐርኪንስ ሲሆን ዓመቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1834 ነበር። ለእኛ ለተማሪዎች ግን ይበልጥ የሚጥመን የ1922ቱ ታሪክ ነው። በስቶክሆልም የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ ኮምፕሬሰር ጨርሶ የሌለው፥ በእሳት ሙቀት ብቻ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ፈለሰፉ፤ ኤሌክትሮሉክስም በ1925 ፈጠራቸውን ገዛው። መብራት ባልደረሰባቸው አገሮችና ገጠሮች በላምባ እየነደደ ክትባት ያቀዘቅዝ የነበረው ማቀዝቀዣ የዚህ የሁለት ተማሪዎች ሥራ ዘር ነው። እሳት አንድዶ በረዶ ማውጣት! እነርሱ ግን ለፈተና ከማጥናት ጎን ለጎን አደረጉት።

በቧንቧው ውስጥ ስለሚዞረው ጋዝ ደግሞ ጥቂት እንበል፤ የክርክሩ ሥር እርሱ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ማቀዝቀዣዎች የሚሞላው አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የመሰለ መርዛም ነገር ነበር፤ ቧንቧው በሌሊት ቢያፈስ ቤተሰብ ይገድላል። በ1928 ቶማስ ሚድግሌይና ባልደረቦቹ ፍሬዎን የተባለውን፥ የማይሸትና የማይነድ ጋዝ አዘጋጁ። ለብዙ ዓመታት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም ተባለ። በ1974 ግን ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ የዚህ ዓይነቱ ጋዝ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያፈርስ አስረዱ፤ በ1987 በሞንትሪያል የተፈረመው ውል ምርቱን ማስቀረት ጀመረ። ዛሬ ከሚሸጡት አዳዲስ የቤት ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹ የተሞሉት አይሶቡቴን በሚባል፥ ከሲጋራ መለኮሻ ጋዝ ጋራ ዘመድ በሆነ ጋዝ ነው። በኮምፕሬሰሩ ወይም በኋላ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ «አር 600 ኤ» ተብሎ ይጻፋል። «አር 134 ኤ» የሚል ከሆነ ሌላ ዓይነት ነው። የአንዱን ጋዝ በሌላው ቦታ መሙላት ኮምፕሬሰሩን መግደል ነው፤ «አር 600 ኤ» ደግሞ የሚነድ ስለሆነ እሳትና ብየዳ ባለበት ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ይህ ጋዝ የሚዞርበት ቧንቧ ከዳር እስከ ዳር በብየዳ የታሸገ ነው። ጋዙ እንደ መኪና ቤንዚን የሚቃጠል ወይም እንደ ላምባ የሚነድ አይደለም፤ ያው አንዱ ጋዝ ሃያ ዓመትም ቢሆን ይዞራል እንጂ በመሥራት አያልቅም። መጠኑም አነስተኛ ነው፤ በአይሶቡቴን የሚሠራ ተራ የቤት ማቀዝቀዣ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም በታች ነው። እንግዲህ ጋዙ በእውነት ጎድሎ ከተገኘ ቧንቧው አንድ ቦታ ተበስቷል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላ ጠጋኝ በተቀደደ ስልቻ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ነው። የአራቱ ጓደኞቻችን ነገር እንዲሁ ነበር። የውስጠኛው ቧንቧ በቢላዋ ተወግቶ ኖሮ፥ የተሞላው ጋዝ በየጊዜው ቀስ እያለ ይወጣ ነበር።

ቢላዋው ከየት መጣ ቢባል፥ የበረዶውን ክፍል በእጅ የሚያጸዱ ቤቶች ሁሉ ያውቁታል። በረዶው ይከመራል፤ ሥጋው ከበረዶው ጋራ ይጣበቃል፤ እንግዳ መጥቷልና አንዱ ቢላዋ ይዞ ይፈለፍላል። ከበረዶው ሥር ያለው የአሉሚኒየም ገጽ ስስ ነው፤ ጋዙ የሚዞረውም በውስጡ ነው። በእኛ አስተያየት በተማሪ ቤት ማቀዝቀዣን ከሚገድለው ሁሉ የቢላዋን ያህል ጠላት የለም። በረዶው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ሲወፍር ሶኬቱን ነቅሎ፥ በሩን ከፍቶ፥ የፈላ ውሃ በድስት ውስጡ ማስቀመጥ ይበቃል። አንድ ሰዓት መታገሥ ነው።

ወደ ግዢው እንለፍ። ስንት ሊትር ይበቃናል ከማለታችን በፊት ምን ልናስቀምጥበት ነው ብለን እንጠይቅ። ሽሮ፥ በርበሬ፥ በሶ፥ ቋንጣ፥ ድርቆሽና ንጥር ቅቤ እናቶቻችን ያለ ማቀዝቀዣ እንዲቀመጡ አድርገው ያዘጋጇቸው ናቸው፤ ቦታ አይሹም። እንጀራም ቢሆን ከሻጋታ ይጠበቃል እንጂ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፤ ዳቦን በማቀዝቀዣ የሚያጠነክረው የስታርች ለውጥ በእንጀራም ላይ ይደርሳልና በላስቲክ ሳይጠቀለል መግባት የለበትም። የቀረው ወተት፥ ሥጋ፥ እንቁላል፥ የተረፈ ወጥ፥ ቲማቲምና የሚጠጣ ውሃ ነው። በጾም ወራት ከዚህም ግማሹ ይቀራል። በእኛ ግምት ለአንድ ሰው ወይም ለሁለት 100 ሊትር አካባቢ፥ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሰው 40 ወይም 50 ሊትር ቢታከል ይበቃል። ለአራት ተማሪዎች እንግዲህ ከ180 እስከ 200 ሊትር ማለት ነው። ሻጩ በኪዩቢክ ጫማ ከነገረን አንዱ 28 ሊትር ያህል ነው። ደግሞም በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ጠቅላላው መጠን ሊሆን ይችላል፤ እኛን የሚመለከተው መደርደሪያና መሳቢያ ገብቶበት ዕቃ የሚይዘው መጠን ስለሆነ እርሱን ፈልጎ ማንበብ ነው።

«ትልቅ ከሆነ መብራት ይበላል» የሚለው ፍርሃት ግማሽ እውነት አለው። ሙቀት ወደ ውስጥ የሚገባው በግድግዳው በኩል ነው። የአንድ ሣጥን ይዘት በእጥፍ ቢያድግ፥ ቅርጹ ካልተለወጠ፥ የግድግዳው ስፋት የሚያድገው በ1.6 ያህል ብቻ ነው፤ ይህን የጂኦሜትሪ ተማሪ ሁሉ ያረጋግጠዋል። ስለዚህ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ክፍሎች ሁለት ባለ 100 ሊትር ከሚገዙ አንድ ባለ 200 ሊትር ቢጋሩ በግዢም በመብራትም ይጠቀማሉ። መጋራቱ የሚያመጣው ጠብ ግን በፊዚክስ አይፈታም። የፍጆታውን ልክ ለማወቅ ደግሞ፥ ሲሠራ 100 ዋት የሚወስድ ኮምፕሬሰር በቀንና በሌሊት በድምሩ 8 ሰዓት ቢሠራ የሚበላው 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ጋገራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አንድ ጊዜ እንጀራ መጋገር ማቀዝቀዣውን ከአራት ቀን በላይ ያሠራዋል ማለት ነው። የካርድ ቆጣሪው ቶሎ አለቀ ብለን ማቀዝቀዣውን ሌሊት ሌሊት የምንነቅል ሰዎች ይህን ሒሳብ ልብ ብንለው መልካም ነው። ሌሊት የጠፋው ማቀዝቀዣ ጠዋት የገባውን ሙቀት ሁሉ መልሶ ለማውጣት ይሠራልና ትርፉ ጥቂት ነው፤ ምግቡ ግን ይሞቃል።

ለበዓል በግ ታርዶ ሥጋው እንደሞቀ ወደ ማቀዝቀዣ ሲገባስ? 12 ኪሎ ሥጋ ከ35 ዲግሪ ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ የሚወጣው ሙቀት በግምት 1200 ኪሎ ጁል ነው። በሰከንድ 100 ጁል ሙቀት ለሚያወጣ ትንሽ ማቀዝቀዣ ይህ ብቻውን ከሦስት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት መሥራት ነው፤ በረዶ ይሁን ከተባለ ደግሞ ሌላ ሰባት ሰዓት ይጨመርበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አጠገቡ ያለው ወተት አብሮ ይሞቃል። በዓል በመጣ ቁጥር «ፍሪጁ አልቀዘቅዝ አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ሥጋውን ቆራርጦ፥ በነፋሻ ቦታ ለጥቂት ጊዜ አብርዶ፥ በትንንሹ ለያይቶ ማስገባት ነው እንጂ ጠጋኝ አያስፈልግም።

ዓይነቱን በተመለከተ በገበያ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው በረዶው በእጅ የሚጸዳው ተራው ማቀዝቀዣ ነው። ሁለተኛው «ኖ ፍሮስት» የሚባለው፥ በማራገቢያ አየር የሚያዞርና በረዶውን በራሱ ማሞቂያ የሚያቀልጥ ነው። ሁለተኛው ለድካም ይመቻል፤ ነገር ግን ክዳን የሌለውን ምግብ ያደርቃል፥ የሚበላሽ ክፍሉም ይበዛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በተራው ማቀዝቀዣ ግድግዳ ላይ ያለው በረዶ እስኪቀልጥ ድረስ ቅዝቃዜን ይዞ ያቆያል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለሚኖር ተማሪ እኛ የምንመርጠው ተራውን ነው።

በጽሑፉ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያነባት ምልክት አለች፤ ማቀዝቀዣው የተሠራለትን የአየር ጠባይ ትናገራለች። «ኤን» የሚለው ክፍሉ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን፥ «ኤስ ኤን» ከ10 እስከ 32፥ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፥ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ሲሆን በደንብ ይሠራል ማለት ነው። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ የሚመደብ ተመራቂ «ቲ» የሚል ይፈልግ። የአዲስ አበባ ችግር ግን ተቃራኒው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮ ክዳን ያለው ክፍል ከ16 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ባለ አንድ ቴርሞስታት የሆነ ማቀዝቀዣ ታችኛው ክፍል በቂ ቅዝቃዜ አለው ብሎ ኮምፕሬሰሩን ያሳርፈዋል፤ በዚህ መካከል በላይኛው ክፍል ያለው የበረደ ሥጋ መለስለስ ይጀምራል። ለደጋ ሰው «ኤስ ኤን» የሚል ፊደል ያለበት ይሻለዋል።

ከውጭ አገር ዘመድ ያመጣልን ማቀዝቀዣ ካለም ጥንቃቄ ይገባዋል። የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። የሳዑዲ አረቢያም 60 ኸርዝ ነው፤ ቀድሞ ለቤት 127 ቮልት ይሰጥ ስለነበር አሮጌዎቹ ዕቃዎች በዚያ የተሠሩ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ ቀስ ብሎ ይዞራል፥ ከልክ በላይም ይሞቃል። በጽሑፉ ላይ 50/60 የሚል ካለ ግን በዚህ በኩል ሥጋት የለም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሻጩን አስቀድሞ «ነቅለህ አቆየኝ» ይበለው። ቀዝቅዞ የጠበቀ ማቀዝቀዣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት አይናገርም። ሞቆ ካለ ይሰካና ሁለት ሰዓት ይጠበቅ፤ ኮምፕሬሰሩ ያለ መንተፋተፍ መነሣቱ፥ የኋላው ፍርግርግ መሞቁ፥ የበረዶው ክፍል ገጽ ሁሉ እኩል አመዳይ ማልበሱ ይታይ። በውስጠኛው ገጽ ላይ ቀለም የተቀባ ወይም በማጣበቂያ የተደፈነ ቦታ ካለ የቢላዋው ታሪክ ነውና ቶሎ ተሰናብቶ መውጣት ነው። በጋሪና በመኪና ሲጓጓዝ ቆሞ ይሂድ፤ ከተጋደመም ዘይቱ ወደ ኮምፕሬሰሩ እንዲመለስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥቂት ሰዓታት ይቆይ። ሲቀመጥም ከግድግዳ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ፤ ከምድጃና ከፀሐይ ይሸሽ። ሙቀት ተሸካሚ ነው ብለናል፤ ሸክሙን የሚያራግፍበት ቦታ ካጣ ተሸክሞ ይቀራል።

ስለ ብልሽት ስንናገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ይገባል። ማቀዝቀዣው ጨርሶ ዝም ካለና የውስጡ አምፖል ካልበራ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ እንፈትን፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲቫይደሩ ነው። አምፖሉ በርቶ ሞተሩ ዝም ካለ ቴርሞስታቱ ዜሮ ላይ እንዳልሆነ እንይ። የቴርሞስታቱ ቁጥር ዲግሪ አይደለም፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርዱ ይበረታል። ጎመኑና ቲማቲሙ በረዶ ከሆነ ቁጥሩን መቀነስ ነው።

ሞተሩ ሊነሣ ሞክሮ «ቀጭ» ብሎ የሚቆም ከሆነ፥ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ እንዲሁ ከደገመ፥ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛው የመስመሩ ኃይል መድከም ነው፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት አምፖሉ ሲደበዝዝ ሞተሩ ለመነሣት አቅም ያጣል። ሁለተኛው መብራት ጠፍቶ ወዲያው መምጣቱ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲቆም በፍርግርጉ በኩል ያለው ግፊት ከፍተኛ ነው፤ በቀጭኑ ቱቦ አልፎ እስኪስተካከል ድረስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ይነሣ ማለት አህያን ጭነቷን ሳያራግፉ ዳገት ማስጀመር ነው። መብራት እልም ሲል ሶኬቱን ነቅሎ፥ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ቆጥሮ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። አቅም ያለው ይህን በራሱ የሚያደርግ፥ የሚያዘገይ ሰዓት ያለው ስታቢላይዘር ይግዛ፤ ሞተር ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ከ1000 ቮልት አምፔር ያላነሰ ቢሆን ይሻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም «ቀጭ» ካለ ሪሌው ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ከኮምፕሬሰሩ ጎን የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ከኮምፕሬሰሩ ጋር አይወዳደርም። ኮምፕሬሰር ይቀየር ከተባልን አስቀድሞ ሪሌው ተቀይሮ ይሞከር ማለት መብታችን ነው።

ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ ግን «ሌት ተቀን ይሠራል፥ አይቀዘቅዝም» የሚለው ነው፤ «ጋዙ አልቋል» የሚባለውም እዚህ ላይ ነው። አስቀድመን የበሩን ጎማ እንፈትን። አንድ የብር ኖት በበሩ ላይ አድርገን ዘግተን እንሳበው፤ ያለ መያዝ ከወጣ በዚያ በኩል አየር ይገባል። ጎማው በሳሙና ታጥቦ ይሞከር፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍተው የተጋገረ ወጥና ዘይት ነው። ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅለን የፍርግርጉን አቧራ በብሩሽ እንጥረግ። ከዚያ የበረዶውን ውፍረት፥ የዕቃውን መጨናነቅ፥ ትኩስ ድስት መግባት አለመግባቱን እንይ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልቀዘቀዘ እጃችን ይመስክር። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሳለ ፍርግርጉ ሞቅ ካለ ሙቀት እየተጋዘ ነውና ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ፍርግርግ የሌላቸው ማቀዝቀዣዎች ቧንቧቸው በጎን ግድግዳቸው ውስጥ ስለተቀበረ የሚሞቀው ጎናቸው ነው፤ ጎኑ ሞቀ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ሞተሩ እየሠራ ይህ ሁሉ ቀዝቃዛ ከሆነ፥ ወይም አመዳዩ በበረዶው ክፍል አንድ ጥግ ብቻ ተወስኖ ቀሪው ገጽ ደረቅ ከሆነ፥ ያን ጊዜ ጋዙ ጎድሏል፥ ቧንቧው ተደፍኗል ወይም መጭመቂያው ደክሟል ማለት ይቻላል።

እዚህ ከደረስን ጠጋኝ መጥራት ግድ ነው። ግን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የምንጠይቀው አለን። ጋዙ የወጣው በየት በኩል ነው? ቀዳዳው በሳሙና አረፋ ተፈትኖ፥ በዓይን ታይቶ ይደፈን። ማጣሪያው ተቀይሯል ወይ? ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ስለሚገባ ማጣሪያው መቀየር፥ በውስጥ ያለው አየርም በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት። የሚሞላው ጋዝ የትኛው ነው፥ በሚዛንስ ይለካል ወይ? በጽሑፉ ላይ ስንት ግራም እንደሆነ ተጽፏልና። ለእነዚህ የሚመልስ ጠጋኝ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ የሚጠይቀውን ዋጋ አንከራከረው። ጋዝ ብቻ ይዞ የመጣ ከሆነ ግን ጋዙን ይዞ ይመለስ።

ታች ውሃ ከተጠራቀመ በኋለኛው ግድግዳ ግርጌ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ በለስላሳ ሽቦና በሞቀ ውሃ ትከፈታለች። የሚንቆረቆር ድምፅ የጋዙ መዞር ስለሆነ ያለ ነገር ነው። ማቀዝቀዣውን ሲነኩ እጅን የሚወርር ነገር ከተሰማ ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ወዲያው ይነቀል፤ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ እስኪታይና እስኪስተካከል ድረስ ማንም አይንካው። ብዙ የኪራይ ቤት ሶኬት የመሬት ሽቦ ቀዳዳ እንጂ ሽቦው የለውም።

መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ በታችኛው ክፍል ያለ ምግብ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሙሉ የሆነ ትልቅ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፥ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ይይዛል ይባላል፤ የተራው ማቀዝቀዣ ትንሽ የበረዶ ክፍል ግን ይህን ያህል አይችልም። ኢንሱሊን ያለው ጓደኛ ካለ ነገሩ ከምግብ ይለያል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ብቻ ሲሆን ብርዱም ያጠፋዋል፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መወጋት የለበትም። ስለዚህ ከበረዶው ክፍል ሥር ወይም ከኋለኛው ግድግዳ ተጠግቶ አይቀመጥ፤ በመካከለኛው መደርደሪያ ከፊት በኩል በሣጥኑ ውስጥ ይሁን፥ አጠገቡም ርካሽ ቴርሞሜትር ይኑር። በሥራ ላይ ያለው ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ በክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ልኩ በየዓይነቱ ስለሚለያይ በሣጥኑ ላይ ያለውን ማንበብና ፋርማሲውን መጠየቅ ነው። መብራት ለአንድ ቀን ጠፋ ብሎ ያን ጠርሙስ መጣል አያስፈልግም፤ በረዶ ላይ መጫንም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል።

ለአጭር ዕረፍት ቤት ዘግቶ የሚሄድ በትንሽ ብርጭቆ ውሃ አብርዶ፥ በበረዶው ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጦ ይሂድ። ሲመለስ ሳንቲሙ ከላይ ከተገኘ ሥጋው ደህና ነው፤ በበረዶው ውስጥ ሰጥሞ ወይም ከታች ከተገኘ በመካከሉ መብራት ጠፍቶ ሁሉም ቀልጦ እንደገና በርዷልና ሥጋው ይጣል። ለክረምቱ ዕረፍት የሚሄድ ግን ማቀዝቀዣውን ነቅሎ፥ ባዶ አድርጎ፥ አጥቦና አድርቆ፥ በሩ እንዳይዘጋ የታጠፈ ጨርቅ መካከሉ ላይ አድርጎ ይሂድ፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ከሆነ በሩ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ።